ኖራው የሠራበትና ያልሠራበት ቀበሌ፦ የለውጥን ምክንያት ለማወቅ የትኛውን የንጽጽር ዘዴ እንምረጥ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ፣ በአንድ ደጋ ቀበሌ፣ በአንዲት እናት ቤት ጣሪያ ጠርዝ ሥር ስድስት ጆንያ የእርሻ ኖራ ተደርድሮ አየሁ። ወሩ ሐምሌ ነበር። ጠፈጠፉ የላይኞቹን ጆንያዎች አርሷቸው ዱቄቱ ተጋግሯል። እጄ ጆንያው ላይ ሲያርፍ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ የመጣው ሰኔ ሲጋመስ ነው። ማሳው ጭቃ ሆኗል፤ ገብሱም ተዘርቶ አልቋል። ምን ላድርገው? ለከርሞ ይሆነኛል ብዬ አስቀመጥሁት» አሉኝ። ወደ ውስጥ ገብተውም ልጃቸው ሥልጠናውን የጻፈችላቸውን ደብተር አመጡ። ሁለት ጊዜ ሠልጥነዋል። ኖራው ከአፈሩ ጋር መቼና እንዴት እንደሚቀላቀል ከእኔ አሳምረው ያውቃሉ።

ያን ደብተር ሳይ አፈርሁ። ከዚያ ከሁለት ወር በፊት ስለዚሁ የኖራ ማሠራጫና ሥልጠና ፕሮግራም ሪፖርት ጽፌ አስረክቤ ነበር። ኖራ መጠቀም የተስፋፋባቸውን ሦስት ቀበሌዎች ጎብኝቼ፣ በሦስቱም ጥሩ ሥልጠና፣ ትጉህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና ሞዴል አርሶ አደር ስላገኘሁ «ለውጡን ያመጡት እነዚህ ናቸው» ብዬ ደመደምሁ። ሪፖርቱ ያለ ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ። በኋላ አንድ ታላቅ የሥራ ባልደረባዬ «ኖራው ያልተስፋፋባቸው ቀበሌዎችስ ሥልጠና አልወሰዱም ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ወደ እኚህ እናት ቤት የወሰደኝ ያ ጥያቄ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በልማት ድርጅት ወይም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆነው ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ነው። አንድ ፕሮግራም በብዙ ቀበሌ ተካሂዶ ውጤቱ ሲለያይ፣ የልዩነቱን ምክንያት ለማወቅ የሚያገለግሉ ዘዴዎች ብዙ ናቸው። ሁሉም ለሁሉም ቦታ አይሆኑም።

መጀመሪያ ነገሩን ይወቁት

ዘዴ ከመምረጥ በፊት ለውጡ በምን መንገድ ይመጣል ተብሎ እንደታሰበ ማወቅ ግድ ነው። የጎጃም ደጋ ብዙ ዝናብ ስለሚያገኝ እንደ ካልሲየም ያሉት ንጥረ ነገሮች ታጥበው ይሄዳሉ፤ አፈሩም ይኮመጥጣል። የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች (ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም በአፈሩ ስለሚያዝ አርሶ አደሩ በውድ የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉ ጋር አይደርስም። ስንዴና ገብስ እምቢ ሲለው ወደ ግብጦ፣ ወደ እንግዶ፣ በመጨረሻም ወደ ባሕር ዛፍ ያዞረዋል።

የተፈጨ ኖራ ይህን ያስተካክላል፤ ነገር ግን ከመዝራት በፊት ሳምንታት ቀድሞ መበተንና መታረስ አለበት። ደግሞም ከባድ ነው። ለአንድ ሄክታር 3 ቶን ያስፈልጋል ብንል 30 ኩንታል ይሆናል፤ ለሩብ ሄክታር ብቻ ሰባት ኩንታል ተኩል። አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን አሥራ አምስት ጊዜ መመላለስ ነው። ጥቅሙም በአንድ ክረምት አያልቅም፤ ለተከታታይ ዓመታት ይቆያል።

እነዚህን እውነታዎች የያዘ ገምጋሚ ቀበሌ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፦ ኖራው መቼ ደረሰ? ከመጋዘን እስከ ማሳ ምን ያህል ይርቃል? ማሳው የማን ነው? እኔ በመጀመሪያው ዙር ከሦስቱ አንዱንም አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» ብዬ ነበር።

ሁለት ቀበሌ ብቻ ሲኖርዎት

ጥንታዊው መንገድ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ያብራራው ነው። አንደኛው አካሄድ በልዩነት ማነጻጸር ነው፦ በሁሉም ነገር የሚመሳሰሉ፣ ውጤታቸው ግን የተለያየ ሁለት ቦታዎችን ወስዶ፣ በአንዱ ያለ በሌላው የሌለ ነገር መፈለግ። ሁለተኛው በተመሳሳይነት ማነጻጸር ነው፦ በብዙ ነገር የሚለያዩ፣ ውጤታቸው ግን አንድ የሆኑ ቦታዎችን ወስዶ የጋራቸውን መፈለግ።

እኔ ሳላውቀው የተጠቀምሁት ሁለተኛውን ነበር፤ ያውም በተሳሳተ መንገድ። ሦስቱ ቀበሌዎቼ በብዙ ነገር ስለሚመሳሰሉ የጋራቸው ነገር መዓት ነው። በሦስቱም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሦስቱም ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። ከዚህ ሁሉ ሥልጠናን መርጬ ያወጣሁት ፕሮግራሙ ሥልጠና ስለሰጠ እንጂ ማስረጃው ስለመራኝ አልነበረም።

በልዩነት ማነጻጸር ለጎጃም ደጋ የተሻለ ይስማማል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ፣ ከፍታቸው፣ አፈራቸውና ዝናባቸው የሚቀራረብ ሁለት ቀበሌዎችን ማግኘት ይቻላል፤ አንዱ መኪና የሚገባበት፣ ሌላው ወንዝ ተሻግሮ ያለ። ጊዜዎ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ ይህን ይምረጡ። ድክመቱን ግን አይርሱት፦ ሁለት ቀበሌዎች በአንድ ነገር ብቻ ተለያይተው አያውቁም። የሚያገኙት መልስ የሚመረመር ግምት ነው፤ ለጽኑ ድምዳሜ አይበቃም።

ከአራት እስከ አሥር ቀበሌ ሲሆን

እዚህ ላይ የማደላው ለብዝኃ ኬዝ ጥናት ነው። በግምገማ ቋንቋ «ኬዝ» የምንለው አንድ ሙሉ ሆኖ የሚጠና ነገር ነው፤ በእኛ ምሳሌ አንድ ቀበሌ። ሮበርት ዪን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር የዚህን ዘዴ ዋና ሐሳብ በግልጽ አስቀምጠውታል፦ ቀበሌዎች የሚመረጡት እንደ መጠይቅ ጥናት በዕጣ ሳይሆን በሚጠበቀው ውጤት ነው። «ኖራው በጊዜ ከደረሰ ይሠራል» የሚል ግምት ካለን፣ በጊዜ የደረሰባቸውን ሁለት ሦስት ቀበሌዎች እንወስድና ውጤቱ ይደገም እንደሆነ እናያለን። ቀጥለን የዘገየባቸውን እንወስድና በገመትነው ምክንያት ውጤቱ ይለይ እንደሆነ እንመለከታለን። ሁለቱም ከተሳኩ ግምቱ ጉልበት ያገኛል።

የምርጫው ነገር እዚህ ላይ ሁሉንም ይወስናል። ወንጀለኛን ለማውጣት በአውጫጭኝ በሚሰበሰቡበት ዘመን መንደርተኛው በሙሉ ይጠራ ነበር፤ «አየሁ» ያለው ብቻ አልነበረም የሚቀመጠው። እኛ ግን የምንጠራው «ሠራልኝ» ያለውን ነው። የወረዳ ባለሙያ «የትኛውን ቀበሌ ላሳይዎት?» ሲል በቅንነት የሚያስበው የተሳካለትን ነው፤ የለፋበትን ማሳየት የማይፈልግ ሰው የለምና። ሮበርት ቻምበርስ የተባሉት የገጠር ልማት ምሁር ገና እ.ኤ.አ. በ1983 ጎብኚ ባለሙያዎች ወደ አስፋልት ዳር እንደሚያደሉ ጽፈው ነበር። ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በኮሶበር በኩል ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት ያን አባባል በየቀኑ ያረጋግጣል። የኖራው ድንጋይ የሚወጣው በደጀን በኩል ነው፤ ኖራው የሚጓዘው በመኪና ነው፤ ገምጋሚውም የሚሄደው በመኪና ነው። ስለዚህ አስፋልት ዳር ያሉትን ብቻ ያየ ሰው ኖራው በጊዜ የደረሰባቸውን ብቻ አየ ማለት ነው። ዘዴው ምንም ያህል ቢራቀቅ ይህን ስሕተት አያርመውም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ችግሩን አክብዶታል። ሊደረስባቸው ያልቻሉ ቀበሌዎች ከተደረሰባቸው ጋር አንድ ናቸው ብሎ መጻፍ ነውር ነው። የትኞቹ እንደቀሩና ለምን እንደቀሩ በሪፖርቱ መግቢያ ላይ ይስፈር።

አንድ የአሠራር ምክር፦ የእያንዳንዱን ቀበሌ ታሪክ ለብቻው ጽፈው ሳይጨርሱ ማነጻጸር አይጀምሩ። ሁለተኛው ቀበሌ ላይ ሆነው የመጀመሪያውን እያሰቡ ከጠየቁ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ጎጃም ለዚህ ዓይነት ጥናት እንግዳ አይደለም። በደምበጫ ወረዳ ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካበት የኖረ የምርምር ቦታ ነው። ከወሎው ማይባርና ከሰሜን ሸዋው አንዲት ጥድ ጋር በአንድ ፕሮግራም ሥር በተመሳሳይ መንገድ ስለተለካ፣ አንድ ዓይነት እርከን በተለያየ ዝናብና አፈር ምን እንደሚያደርግ ለማየት አስችሏል። በአንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1986 «ፋንያ ጁ» የሚባለው እርከን ተሠራ፤ በዓመታት ውስጥም ማሳው ደረጃ እየሠራ መጣ። የሚታጠበው አፈር ቀነሰ። ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አፈሩ የዳነውን ያህል አላደገም፤ እርከኑ ራሱ ከማሳው ላይ ቦታ ይወስዳልና። «ለውጥ መጣ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ አፈሩን ለሚለካው «አዎ» ነው፤ ጎተራውን ለሚለካው «ገና ነው»። የትኛውን ለውጥ እያነጻጸርን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን

ቀበሌዎቹ ሲበዙ ታሪካቸውን በጭንቅላት ይዞ ማነጻጸር ያቅታል፤ ለስታቲስቲክስ ደግሞ ቁጥሩ ያንሳል። ለዚህ መካከለኛ ቦታ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ቻርልስ ራጊን እ.ኤ.አ. በ1987 ጥራታዊ ንጽጽራዊ ትንተና የሚባለውን ዘዴ አቀረቡ። በብዙዎች ዘንድ በአጭሩ ኪውሲኤ ይባላል።

ዋና ሐሳቡ ለውጥ በነጠላ ምክንያት አይመጣም፣ በቅንጅት እንጂ የሚል ነው። ፈላስፋው ጄ. ኤል. ማኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሰፈሩት ሐሳብ እዚህ ይረዳል። የሣር ጎጆ ሲቃጠል «ፍሙ ነው ያቃጠለው» እንላለን። ነገር ግን ፍም ብቻውን አያቃጥልም፤ ሣሩ መድረቅ አለበት፣ ነፋስ መኖር አለበት፣ የሚያጠፋ ሰው ቅርብ መሆን የለበትም። ፍሙ የግድ የሚያስፈልገው በዚህ ቅንጅት ውስጥ ነው፤ በሌላ ቅንጅት ደግሞ ያለ እርሱ በመብረቅ ሊቃጠል ይችላል። ሥልጠናም እንዲሁ ነው። ኖራ ደርሶ፣ ማጓጓዣ ተገኝቶ ሥልጠና ሲታከልበት ይሠራል፤ ሥልጠና ብቻውን ሲሆን ግን ደብተር ላይ ይቀራል።

አሠራሩን ለማስረዳት ያህል አራት ሁኔታዎችን እንውሰድ፦ ኖራው ከግንቦት በፊት ደርሷል ወይስ አልደረሰም፤ መጋዘኑ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ፤ ባለፈው ዓመት በቀበሌው ማሳያ ማሳ ነበር ወይስ አልነበረም፤ ብድር ተመቻችቷል ወይስ አልተመቻቸም። እያንዳንዱን አንድ ወይም ዜሮ ብለን ብንመዘግብ 16 ዓይነት ቅንጅት ይኖራል። እያንዳንዱን ቀበሌ በሚስማማው ረድፍ ላይ እናሰፍርና ከየትኛው ረድፍ የተሳካላቸው፣ ከየትኛው ያልተሳካላቸው እንደወጡ እናያለን። በዚህ መንገድ ወደ ስኬት የሚወስዱ ሁለት ሦስት የተለያዩ መንገዶች ሊገኙ ይችላሉ፦ መጋዘኑ ቅርብ በሆነበት ቀበሌ ብድር ላያስፈልግ ይችላል፤ ሩቅ በሆነበት ግን ጋሪ ለመከራየት ያለ ብድር አይሆንም። ስታቲስቲክስ አማካይ አውጥቶ የሚያደበዝዘውን ይህን ልዩነት ኪውሲኤ አጉልቶ ያሳያል። የውድቀት ምክንያትም የስኬት ግልባጭ እንዳልሆነ ያስተምራል፤ ስለዚህ ትንተናው ለስኬትም ለውድቀትም ለየብቻ ይሠራል።

አሁን ወደ ችግሮቹ። ሁኔታዎቹን አምስት ቢያደርጓቸው ረድፎቹ 32፣ ስድስት ቢያደርጓቸው 64 ይሆናሉ። አሥራ ሁለት ቀበሌ ይዞ 64 ረድፍ መክፈት ባዶ ጎተራ መደርደር ነው፤ ኮምፒውተሩ ባዶውን በግምት ይሞላልዎታል፣ እርስዎም ግኝት ይመስልዎታል። ለዚህ ያህል ቀበሌ ከአራት ሁኔታ በላይ ባይዙ እመክራለሁ። ሁለተኛው ችግር አንድና ዜሮ የሚለይበት መስመር ነው። «ኖራ ተስፋፋ» የምንለው ከመቶ ስንት አባወራ ሲጠቀም ነው? ሠላሳ? ሃምሳ? ይህ መስመር ውጤቱን ካዩ በኋላ ከተሰመረ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ራጊን እ.ኤ.አ. በ2000 ያዳበሩት ሁለተኛው ዓይነት በዜሮና በአንድ መካከል ያሉ ደረጃዎችን ይቀበላል፤ እርሱም ቢሆን መስመሩን በምክንያት ማስመር ይጠይቃል። አንድ ቅንጅት ወደ ስኬት ያመራል ለማለት የወጥነት መለኪያው (ያ ቅንጅት ካላቸው ቀበሌዎች ምን ያህሉ እንደተሳካላቸው የሚያሳየው) አብዛኛውን ጊዜ 0.8 ገደማ እንዲደርስ ይጠበቃል።

ሦስተኛው ችግር የሚመስለው ግን ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ጥቅሙ ነው። ሁለት ቀበሌዎች በአንድ ረድፍ ላይ ሰፍረው አንዱ ተሳክቶለት ሌላው ሲወድቅስ? ብዙ ሰው አንዱን ከሠንጠረዡ ያወጣዋል። አያውጡት፤ ተመልሰው ይሂዱ። በሁለተኛው ዙር ሥራችን እንዲህ ያለ ጥንድ አጋጠመን። ኖራው በሁለቱም በጊዜ ደርሷል፣ መጋዘኑ ለሁለቱም ቅርብ ነው፤ በአንደኛው ግን ማንም አልወሰደም ለማለት ይቻላል። ተመልሰን ሄደን ከአንድ ጎልማሳ አራሽ ጋር ማሳው ዳር ቆመን ስንነጋገር፣ «ማሳው የእኔ አይደለም፤ በእኩል ነው የማርሰው። ኖራው ፍሬ የሚሰጠው ለዓመታት ነው ብላችሁኛል። ከርሞ ባለቤቱ ለሌላ ቢሰጠውስ?» አለን። በዚያ ቀበሌ የእኩል እርሻ ብዙ ነው። የመሬቱ ይዞታ በአራቱ ሁኔታዎቻችን ውስጥ አልነበረም። ሠንጠረዡ ራሱ አልነገረንም፤ ግን የት ሄደን መጠየቅ እንዳለብን ጠቆመን።

አንድ ቀበሌን ጠልቆ ለማወቅ

የሂደት ዱካ ፍለጋ የሚባለው ዘዴ ቀበሌን ከቀበሌ አያነጻጽርም፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ምክንያቱ ከውጤቱ ጋር የተያያዘበትን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ይመረምራል። ከማንኛቸውም የንጽጽር ዘዴዎች ጋር ተጣምሮ መሥራት ስለሚችል እወደዋለሁ።

ማስረጃዎች እኩል ክብደት እንደሌላቸው ያስተምራል። «በዚህ ቀበሌ ለውጡ የመጣው ኖራው በጊዜ ስለደረሰ ነው» ብንል፣ ከመጋዘን የወጣበት ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ከመዝሪያው በፊት የተቆረጠ መሆን አለበት። ቀኑ ሰኔ መጨረሻ ከሆነ ግምታችን ወደቀ፤ ሚያዝያ ቢሆን ግን ገና አልተረጋገጠም፣ ከማጣሪያው አለፈ ብቻ። በሌላ በኩል አንድ አርሶ አደር ኖራው ስላልበቃው የማሳውን ግማሽ ብቻ አቅምሶ፣ በአንድ ዘርና በአንድ ማዳበሪያ ግማሹ ለምልሞ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ቢገኝ ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለ ማሳ ባይገኝ ግን ግምቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን የሚያገላብጥ ገምጋሚ ሃያ የቡድን ውይይት ካደረገው የበለጠ የሚያውቅበት ጊዜ አለ፤ የመጋዘን ሠራተኛውን በትሕትና ይጠይቁ፣ መዝገቡን ያሳይዎታል።

በአጭሩ ስለ ሌሎቹ

የሪያሊስት ግምገማ የተባለው፣ ፖውሰንና ቲሊ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት አካሄድ፣ «ምን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ፣ ለምን ሠራ?» ይላል። የእኩል አራሹን ነገር ቀድመን ይህን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ሳንመለስ እናገኘው ነበር። የሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ የጥያቄ መነሻ አድርጎ መያዝ ይጠቅማል።

የአስተዋጽኦ ትንተና የተባለው የጆን ሜይን ዘዴ ፕሮግራሙ ብቻውን ለውጡን አመጣ ማለት በማይቻልበት ጊዜ፣ ድርሻው ምን እንደሆነ በተገቢ ማስረጃ ለማስረዳት ይሆናል። ለለጋሽ ድርጅት ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ምቹ ነው።

በዕጣ የሚካሄድ ሙከራ ኖራው በአማካይ ምርቱን ምን ያህል እንደጨመረ ከሁሉም በተሻለ ይለካል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ሳይጀመር መታቀድ አለበት፤ በአንዱ ቀበሌ ሠርቶ በሌላው ለምን እንደቀረ ብቻውን አይነግርዎትም።

እኔ ብሆን

የወረዳ በጀት ይዘው፣ ሁለት ባለሙያና ሦስት ሳምንት ካለዎት፣ ስምንት ቀበሌ ይምረጡ፤ ከስምንቱ ቢያንስ ሦስቱ ለውጥ ያልታየባቸው፣ ከሦስቱም ቢያንስ አንዱ መኪና የማይገባበት ይሁን። ብዝኃ ኬዝ ጥናት አድርገው ያጥኗቸው፤ ከተሳካላቸው አንድ፣ ካልተሳካላቸው አንድ ወስደው ዱካውን በሰነድ ይፈልጉ። ቀበሌዎቹ ከአሥራ ሁለት ካለፉና እያንዳንዳቸውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው በቡድኑ ውስጥ ካለ ወደ ኪውሲኤ ይሂዱ፤ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ኮምፒውተሩን አይክፈቱት።

ቀኑን ሲያከፋፍሉ ደግሞ ለተሳካለት ቀበሌ አንድ ቀን፣ ላልተሳካለት ሁለት ቀን ይመድቡ። የተሳካለት ሰው ወደ ማሳው ወስዶ ያሳይዎታል፣ በግማሽ ቀን ይጨርሳሉ። ያልተሳካለት ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ «ሁሉም ደኅና ነው» ይላል፤ ጆንያዎቹን የሚያሳየው በማግስቱ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው።